ዲስክ የሚበላው ፈላጊ

የሲ ድራይቭ ቦታ ያለ ምክንያት ሲያልቅ ብዙ ሰው ፊልምና ፎቶ መሰረዝ ይጀምራል። ጥፋተኛው ግን አንዳንዴ ፕሮግራምዳታ በተባለ ድብቅ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው፦ ዊንዶውስ ዶት ኢዲቢ፤ በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ደግሞ ዊንዶውስ ዶት ዲቢ። አሥር ጊጋባይት አልፎ ሲገኝ የሚደነግጥ አለ። ቫይረስ አይደለም፤ የዊንዶውስ ሰርች መዝገብ ነው።

ሰርች ኮምፒውተሩ ፋታ ሲያገኝ ፋይሎችን አንድ በአንድ ያነብባል። በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኝ የቃላት ማውጫ፣ የቱ ቃል የት ፋይል ውስጥ እንዳለ ይጽፋል። «ውል» ብለው ሲፈልጉ ዲስኩን ሳያስስ ከመዝገቡ ይመልሳል። የፍጥነቱ ዋጋ ቦታ ነው።

ማይክሮሶፍት እንደሚለው መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ ከተነበቡት ፋይሎች መጠን ከ10 በመቶ አይበልጥም። ስሌቱን የሚያፈርሱት ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። ፋይሉ ሁለት መስመር ብቻ ቢሆንም ስሙ፣ አድራሻው፣ ቀኑና ባለቤቱ መመዝገብ አለባቸው። ስለዚህ የፕሮግራመሮች ፎልደርና ለዓመታት የተጠራቀመ የአውትሉክ ኢሜይል መዝገቡን ያሳብጡታል፤ እያንዳንዱ ኢሜይል ራሱን ችሎ ይቆጠራልና። በዊንዶውስ 8 ጊዜ የአውትሉክ ፋይል ሲነበብ መዝገቡ ከልክ በላይ ያድግ ስለነበር ኩባንያው ማስተካከያ አውጥቶ ነበር።

ኢሜይሉን መሰረዝ ወዲያው አይረዳም። ዳታቤዙ የተለቀቀውን ቦታ ለራሱ መጠባበቂያ ይይዘዋል እንጂ ለዲስኩ አይመልስም። መፍትሔው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስን ከፍቶ የማያስፈልጉ ፎልደሮችን ማስወጣት፣ ከዚያም በአድቫንስድ ገብቶ ሪቢልድ ማለት ነው። መዝገቡ እንደ አዲስ እስኪጻፍ ለሰዓታት ፍለጋው ይጎድላል፤ ይታገሡት። ሰርችን ጨርሶ ማጥፋት ግን ችኮላ ይመስለኛል።

የእኛ ሰው በተለይ ሊያስወጣው የሚገባ ነገር አለ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች በስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰሉ እንጂ ውስጣቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ሰርች ያንን ዝብርቅርቅ አንብቦ ይመዘግባል፤ በአማርኛ ሲፈልጉት ግን አያገኘውም። ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ እስኪቀየር ድረስ፣ ፎልደሩን ከዝርዝሩ ማውጣት የሚያሳጣው ነገር ቢኖር በፋይል ስም ቶሎ መፈለግን ብቻ ነው።