መጨረሻውን እያወቁ ማንበብ

በዛብህ እንደሚሞት ለማወቅ መጽሐፉን መጨረስ አያስፈልግም፤ ርዕሱ ራሱ ተናግሮታል። ሆኖም የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ሦስት አራት ጊዜ የተመላለሱበት አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም ቀድመው ያነበቡት ሳይቀሩ ጆሯቸውን ሰጥተውታል።

የሚያውቁት ታሪክ ውስጥ ምን ይፈልጋሉ?

በመጀመሪያው ንባብ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ተከትሎ ነው። የጉዱ ካሣ ረጃጅም ንግግሮች ትዕግሥት ይፈታተናሉ፤ እንዲያውም ገጽ የሚዘልል አይጠፋም። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸውም ተራ መንደርደሪያ ይመስላል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ግን እዚያ ስለት ላይ ሲደርስ እግሩ ይያዛል። ልጁን በኋላ የሚያስጨንቀው ነገር የመጣው ከክፉ ሰው ሳይሆን ከወላጅ ፍቅር መሆኑን ያያል። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቹን ሊቀጡ ዘምተው መማረካቸው ወጣቱን አንባቢ ያስቀዋል፤ ዕድሜው ገፋ ሲል ያው ገጽ ፈገግታውን ሳይነፍገው ስለ ሹመትና ስለ ትዕቢት ያሳስበዋል። ያ የተዘለለው ጉዱ ካሣም በሁለተኛው ንባብ የልቦለዱ ዋና ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን የሚለው ጉጉት ሲረግብ፣ ደራሲው ነገሩን እንዴት እንዳበጀው ለማየት ፋታ ይገኛል።

መደጋገሙ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። 150ው የዳዊት መዝሙራት ለሳምንቱ ዕለታት ተከፋፍለው ይደገማሉ፤ ሳምንቱ ሲያልቅ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ብራናውም በቆዳ ማኅደር ተከትቶ ይሰቀላል። ልቦለድ ያን ያህል ክብር አላገኘም፤ ጋዜጣ ከተለበደለትም ዕድለኛ ነው።

መጽሐፍ ማቆየት ራሱ ድፍረት የጠየቀበት ጊዜም ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ቀድሞ የተሸጠው ቅጂ በስውር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

የነቢይ መኮንን ታሪክ ደግሞ ለብቻው ነው። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸል ዝነኛ ልቦለድ አንድ ቅጂ እስረኞቹ ዘንድ ደረሰ። ነቢይም የሲጋራ ፓኮ ወረቀት እያጠራቀመ፣ በዚያው ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። የሚፈቱ ጓደኞቹ ወረቀቱን ከፋፍለው ይዘው ወጡ፤ በኋላም ተሰባስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። አንድን መጽሐፍ እሱን ያህል ደጋግሞ ያነበበ ብዙ ሰው አይገኝም፤ ተርጓሚ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሳያላምጥ አያልፍምና።

ዛሬ የሚወዱት መጽሐፍ ትልቁ ጠላት ምስጥ ወይም እርጥበት ሳይሆን «ለአንድ ሳምንት ብቻ» የሚል ወዳጅ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ብልህ አንባቢ ሁለት ቅጂ ይገዛል። አንዱ ለተዋሽ ነው። ሌላው፣ በወጣትነቱ በእስክሪብቶ ያሰመረበት፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በኅዳጉ «እዚህ ጋ ምን ነክቶኝ ነው ያሰመርኩት?» ብሎ የጻፈበት፣ ከመደርደሪያው አይወርድም።