«እጃቸውን ብይዝ እጎዳቸዋለሁ?»

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስሜ «ሲስተር» ሆኖ ቀርቷል። ልጅ ያተኮሰው፣ ግፊት የጨመረበት ሁሉ በሬን ያንኳኳል። ባለፈው ወር ጎረቤቴ በማለዳ የመጣችው ግን ለሌላ ጉዳይ ነበር። ባለቤቷ በስትሮክ ወድቀው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። ሦስት ቀን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ያየቻቸው በመስታወት ብቻ ነው። «ሲስተርዬ፣ ገብቼ እጃቸውን ብይዝ እጎዳቸዋለሁ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የቆየ ቁስሌን ነካው። ወጣት ነርስ ሳለሁ እናቷን ልታይ የመጣች ልጅ «ሰዓቱ አልደረሰም» ብዬ ከበር መለስኳት። ደንቡ እንዲያ ነበር። እናትየው ሌሊቱን አረፉ። ልጅቷ አልተቆጣችኝም፤ «ማን አጠገቧ ነበር?» ብቻ አለች። እኔ ነበርኩ ማለት አልቻልኩም፤ በዚያች ሰዓት ሌላ በሽተኛ ላይ ነበርኩ።

የሚገርመው፣ በሆስፒታሎቻችን የተኛ ሰው ያለ አስታማሚ አይሆንለትም። የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚዞረው ቤተሰብ ነው። ሕመሙ ሲጸና ግን ያው አስታማሚ በር ላይ ይቀራል። ያለ ምክንያት ነው አልልም። ኢንፌክሽን አለ፣ የክፍል ጥበት አለ፣ ሃያ ሆኖ ካልገባሁ የሚል ዘመድም አለ (እኛ ደግሞ «አንድ ሰው ብቻ» ሲባል መቼ እንሰማለን!)። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ መገኘቱ ተነግሮ፣ ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ሕክምና ሲለይ፣ በሽተኛን ሳያዩ መዋል ምን እንደሆነ ብዙ ቤተሰብ ቀምሶታል።

የአሜሪካ የፅኑ ሕሙማን ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ቤተሰብ ሰፋ ባለ ሰዓት አልጋው አጠገብ እንዲገኝ፣ ከፈለገም ሐኪሞች እየዞሩ በሽተኛውን ሲወያዩበት አብሮ እንዲሰማ መክሯል። በየቀኑ የሆነው በደብተር እንዲጻፍም ይላል፤ ታማሚው ሲነቃ የጠፉበትን ቀናት ያገኛቸዋል።

ለጎረቤቴ የነገርኳት ይህን ነው። ቀለበትሽን አውልቂ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጠቢ። ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ነርሷን ጠይቂ። ከዚያ ስማቸውን ጥሪ፤ ዕለቱን፣ ያሉበትን ቦታ ንገሪያቸው። እዚያ ክፍል መብራቱም የማሽኑ ጩኸትም ስለማያቋርጥ ቀንና ሌሊት ይምታታል፤ ብዙዎች ይቃዣሉ፣ የተሰካላቸውን ቱቦ ለመንቀል ይታገላሉ። የሚያውቁት ድምፅ ያረጋጋል። መነጽር ካላቸው ውሰጂላቸው። ነርሶች የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ ሲያገላብጧቸው፣ ከፈቀዱልሽ እግራቸውን ቅባት ቀቢ። የአልጋው ራስጌ ከፍ ያለው ሆን ተብሎ ነው፤ ይመቻቸው ብለሽ እንዳታወርጂው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቀቅኳት፦ በአፋቸው ምንም እንዳትሰጪ። ጸበልም ቢሆን፣ ለሌላው ዘምዘምም ቢሆን። መዋጥ ያቃተው ሰው ጠብታዋ ወደ ሳንባው ልትገባ ትችላለች። እምነትሽን ለነርሷ ደብቀሽ ከምታጠጪያቸው፣ ግንባራቸውን ብቻ ማስነካት ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያት። ደግሞም ሰምቶ አይሰማም ብላችሁ አጠገባቸው ስለ ቀብርና ስለ ቤት ካርታ አታውሩ። ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገር አንድ ልጅ ምረጡ።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ፊቷ ላይ ድካም ይነበባል። ጎረቤቴ እንዴት እንደምትጠይቃት አስጠንቻት ስለነበር በትሕትና ጠየቀች። «አንድ ሰው፣ አሥር ደቂቃ» ተባለ። እኔ በር ላይ ቀረሁ።

ታጥባ ገባች። እጃቸውን ያዘች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም፤ ከዚያ «ዛሬ ሐሙስ ነው» አለቻቸው። «ውኃ ትናንት ማታ መጣ፣ በርሜሉን ሞልቼዋለሁ፤ አያስቡ።» ዓይናቸውን አልገለጡም። እሷ ግን ስለ ልጅ ልጃቸው ቀጠለች።

አሥሩ ደቂቃ ሲሞላ ነርሷ ወደ ሰዓቷ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተች። ምንም ሳትናገር ወንበር አምጥታ ከጎረቤቴ ኋላ አስቀመጠች።