ድፍርሱ ብልቃጥና የእናቴ እንዝርት

እናቴ ስኳር በሽታ ካገኛት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በየማለዳው፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ የኢንሱሊን ብልቃጧን በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ አድርጋ ታንከባልላለች። እጇ እንዲህ ዓይነት ሥራ አይከብደውም፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዝርት ጭኗ ላይ ስታሾር የኖረች ፈታይ ናት። ብልቃጡ ተቀምጦ ሲያድር ነጩ ከሥር ይዘቅጣል፣ ከላይ ውሃ የመሰለው ይቀራል። ሲንከባለል መልሶ ወተት ይመስላል። ሳይዋሃድ ከተቀዳ መጠኑ ይዛባል።

አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ የጎረቤታችን ኢንሱሊን ኩልል ያለ ነው። የእኔ ለምን ደፈረሰ? ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። «አልተበላሸም እማዬ፣ የአንቺ ኤንፒኤች የሚባለው ነው» ብዬ አለፍኩ። መልሱ ግን ለእኔም አልበቃኝም። ማታ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግቼ ሳነብ «ፕሮታሚን» የሚል ቃል አገኘሁ። የኤንፒኤች «ፒ» እሱ ነው። ይህን ስም በየዓመቱ ስለ ዲኤንኤ ሳስተምር እጠራዋለሁ፤ እናቴ በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት ውስጥ መኖሩን ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ፕሮታሚን ከሳልሞን ዓሣ የወንድ ዘር የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ፍሬድሪክ ሚሸር ነው። ሚሸር እ.ኤ.አ. በ1869 ጀርመን አገር ቱቢንገን ውስጥ፣ ከቁስል ፋሻ ላይ ከተሰበሰበ መግል ዛሬ ዲኤንኤ የምንለውን ነገር ለይቶ አወጣ። ወደ ትውልድ ከተማው ባዝል ሲመለስ የራይን ወንዝ ሳልሞን አገኘ። የዘር ሕዋስ ጭንቅላት ከሞላ ጎደል የዲኤንኤው ማደሪያ የሆነው ኑክሊየስ ብቻ ስለሆነ ለሥራው ተመቸው። በ1874 ዲኤንኤውን አቅፎ የያዘውን ነገር ለየና ፕሮታሚን ብሎ ሰየመው።

የፕሮታሚን ምስጢር ያለው በተሠራበት ነገር ላይ ነው። ፕሮቲኖች የሚገነቡት ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው። የሳልሞን ፕሮታሚን 30 ገደማ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አጭር ሰንሰለት ሲሆን፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል አንድ ዓይነት ነው፤ አርጂኒን። አርጂኒን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። የዲኤንኤ ጀርባ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ፎስፌት የተደረደረበት ነው፤ ፎስፌት ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ይሳሳባሉ፤ የዓሣው ዘርም ለጉዞ እንደተጠቀለለ ልቃቂት ጥብቅ ይላል።

በእናቴ ብልቃጥ ውስጥ የሚሠራውም ይኸው መሳሳብ ነው። ኢንሱሊን ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያመዝናል። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1936 ከፕሮታሚን ጋር አጣመረው፤ ኤንፒኤች ደግሞ በ1946 ተከተለ። በኤንፒኤች ውስጥ ኢንሱሊኑና ፕሮታሚኑ ከጥቂት ዚንክ ጋር ሆነው ጥቃቅን ክሪስታል ይሠራሉ፤ ድፍርሱ እሱ ነው። ቆዳ ሥር ሲገባ ክሪስታሉ በዝግታ ይሟሟል፣ ኢንሱሊኑም ለሰዓታት እየተለቀቀ ወደ ደም ይገባል። በልብ ቀዶ ሕክምናም ደም እንዳይረጋ የተሰጠውን ሄፓሪን የሚያከሽፈው ፕሮታሚን ነው። ሄፓሪንም ኔጌቲቭ ነውና።

በእኛ ሕዋሳት ውስጥ ዲኤንኤን የመጠቅለሉን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሂስቶኖች ናቸው። ጀርመናዊው አልብሬክት ኮሰል በ1884 ከዝይ ቀይ የደም ሕዋስ ነው ያገኛቸው፤ የወፍ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ እኛ ሳይሆን ኑክሊየስ አለው። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ዲኤንኤ አለ። ሸማኔ ክሩን በቀሰም ላይ እንደሚያጠነጥን፣ ከዲኤንኤው ፊደሎች 147 ጥንድ ያህሉ በስምንት ሂስቶኖች ስብስብ ላይ ይጠነጠናል፤ ቀጥሎ ሌላ ቀሰም፣ ከዚያም ሌላ። ኤች4 የተባለው ሂስቶን 102 አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት ሩቡ ያህል ላይሲንና አርጂኒን ነው፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ። በ1969 የጥጃው ኤች4 ከአተሩ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለተማሪዎቼ ይህን በነገርኩ ቁጥር እኔው ራሴ እንደ አዲስ እደነቃለሁ። ከብቱና አተሩ ከተለያዩ ስንት ዘመን አልፎ፣ ቀሰሙ እምብዛም አልተለወጠም።

ይህ አያያዝ ግን ቋጠሮ አይደለም። ሕዋሱ አንድን ዘረ መል ማንበብ ሲፈልግ ላይሲኑ ላይ አሴቲል የተባለ ትንሽ ነገር ይለጥፍበታል፤ ፖዘቲቩ ይጠፋል፣ ክሩም ይላላል።

ለማንበብ ደግሞ መሳሳብ ብቻ አይበቃም፤ ፎስፌቱ የትም አንድ ነውና። አንባቢ ፕሮቲኖች ጣታቸውን በዲኤንኤ ጎድጓዳ መስመር አስገብተው የፊደሎቹን ጠርዝ ይዳስሳሉ። አርጂኒን እዚህም አለ፤ ጂ የተባለውን ፊደል በሁለት የሃይድሮጅን ማሰሪያ ይጨብጠዋል። በ1985 አሮን ክሉግና ባልደረቦቹ ካምብሪጅ ውስጥ፣ የእንቁራሪት ፕሮቲን ሲያጠኑ «የዚንክ ጣት» የተባለውን ቅርጽ ለዩ። 30 ያህል አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ሁለት ሲስቴይንና ሁለት ሂስቲዲን አንዲት የዚንክ አቶም መሐል አድርገው ጣቱን ቀጥ ያደርጉታል።

አርኤንኤ በአብዛኛው ነጠላ ክር ነው፤ ፊደሎቹ ተገልጠው ይታያሉ። ስለዚህ የሚይዙት ብዙ ፕሮቲኖች ከፖዘቲቮቹ በተጨማሪ ፌኒልአላኒንና ታይሮሲን የተባሉ፣ ቀለበት የመሰለ ጠፍጣፋ አካል ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ያሰልፋሉ። ጠፍጣፋው ፊደል በጠፍጣፋው ቀለበት ላይ፣ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚነባበር፣ ልክ ብሎ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ የነገርኳት እንዝርቷንና አንድ ቀሰም ይዤ ነው። ክሩን አጠነጠንኩላት። ዝም ብላ አዳመጠችና፣ «ታዲያ ዓሣው ኢንሱሊኑን ቋጥሮ ቢያስቀርብኝስ?» አለች።

«አይቋጥረውም እማዬ። አጠንጥኖ ነው የሚይዘው፤ ቀስ እያለ ይፈታልሻል። ተንከባልሎም ከጓጎለ ወይም ብልቃጡ ላይ ከተጣበቀ ግን ተበላሽቷልና እንዳትወጊው።»

በማግስቱ ብልቃጡን እንደ ወትሮው አንከባለለች። ከዚያም ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው፣ ከሥሩ የቀረ ነጭ እንደሌለ አየች፣ እንደገናም ገልብጣ አየችው። ስሪንጁን ያነሣችው ያን ጊዜ ነው።