ለፐርማካልቸር የገጠር መሬት ሲመርጡ፦ ተረትና እውነታ

ፍራፍሬው፣ አትክልቱ፣ ንቡና ዶሮው ተደጋግፈው የሚኖሩበት የፐርማካልቸር ግቢ የሚመኝ ሰው ጥሪቱን የሚያጣው ብዙ ጊዜ ዘር ሳይዘራ፣ ገና መሬት ሲመርጥ ነው። ለዚህ የሚዳርጉት በየሰዉ አፍ የሚዞሩ አባባሎች ናቸው።

ተረት፦ «ገበሬው ከተስማማ የገጠር መሬት መግዛት ይቻላል።»

እውነታ፦ አይቻልም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የሽያጭ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ አይጸናም። ያለው መንገድ ከባለይዞታው መከራየት ነው፤ የኪራይ ዘመኑን የየክልሉ ሕግ ይወስናል። የይዞታ ደብተሩን ይዩ፤ የባልና የሚስት ስም ካለበት ሁለቱም ይፈርሙ። ውሉንም በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። ዛፍ ለፍሬ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃልና አጭር ውል አይያዙ።

ተረት፦ «በነሐሴ የለመለመ መሬት ውሃ አያጣም።»

እውነታ፦ በነሐሴ ደጋው ሁሉ ልምላሜ ነው። መሬቱን ዝናብ ካቆመ ወራት ካለፉ በኋላ፣ የካቲት አካባቢ ሄደው ይዩት። ምንጩ ሥር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ደቅነው ሰዓት ይያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በቀን 14,400 ሊትር ይሰጣል፤ 40 ደቂቃ ከፈጀ ግን 720 ሊትር ብቻ ነው። ከዚያ ላይም የጎረቤቱና የከብቱ ድርሻ ይቀነሳል።

ተረት፦ «ጥቁር አፈር ሁሉ ለም ነው።»

እውነታ፦ ጥቁረቱ ብቻ ምስክር አይሆንም። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያፍናል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ የቤት ግድግዳም ይሰነጥቃል። ገበሬው ሽንብራና ጓያ የሚዘራበት ዝናቡ ሲያበቃ፣ በቀረው እርጥበት ነው። አቮካዶ ቢተክሉበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ ደግመው ይሙሉ። ሁለተኛው በማግስቱም ካልሰረገ ቦታው ለፍራፍሬ ዛፍ አይሆንም።

ተረት፦ «ሸለቆ ሥር ያለ ሜዳ ከተዳፋት ይሻላል።»

እውነታ፦ በደጋ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ የሚበረታው እዚያ ነው። የጎርፍም ማረፊያው እሱ ነው። ተዳፋት ግን በእርከን ይገራል፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ለዚህ ምስክር ነው።

ተረት፦ «ኮምፖስት የማያድነው አፈር የለም።»

እውነታ፦ ኮምፖስት ብዙ ያሻሽላል። በጎጃምና በወለጋ ደጋዎች የተስፋፋውን የአፈር አሲዳማነት ለማረም ግን በአብዛኛው ኖራ ያስፈልጋል። ናሙና ወስደው አስቀድመው ያስመርምሩ።

ከሁሉም በፊት አዋሳኞቹን ያነጋግሩ። ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ፣ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ ወሰኑ ላይ ክርክር ይኑር አይኑር ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገ ጎረቤቶችዎ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። መሬቱን በክረምትም በበጋም ሳያዩ ቀብድ አይክፈሉ።