የጣት ቁስል አይናቅ



በጎበሳና በአካባቢዋ የገብስና የስንዴ አጨዳ በደረሰ ጊዜ፣ ጣታቸውን ማጭድ የቆረጣቸው ተማሪዎች ወደ ክፍል ሲገቡ አያለሁ። በቁስሉ ላይ እበት ወይም አፈር መለጠፍ መድኃኒት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋስያን የሚኖሩት በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ነው፤ በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ውስጥ፣ ቁስሉ ተረስቶ ሳለ ይነሣል፤ ይገድላልም።

ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል፣ ለክትባቱም ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ መሄድ ይገባል። ጣቱ አብጦ መግል ከቋጠረ ለነገ አይባልም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደ አገር ቤት ስትወርዱ ይህን ለገበሬው እንድትነግሩልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ መምህር
ከጎበሳ