ያውቁ ኖሯል? የአምበር ጥጆችና የሳይኮሎጂ ፈተና
ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ የሳይኮሎጂ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከአምበር ከተማ ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ግን ሌላ ዘርፍ ቢያጠናም ጄኔራል ሳይኮሎጂን ገና በአንደኛ ዓመት ያገኘዋል፤ የጋራ ኮርስ ነውና።

በዚህ ትምህርት ብዙዎችን የሚያሳስተው ጥያቄ ስለ «አሉታዊ ማጠናከሪያ» የሚጠይቀው ነው። ቅጣት ይመስላል፤ አይደለም። አምበር ላይ አንዲት እናት አመሻሽ ላይ «አንተ ልጅ፣ ጥጆቹን አስገባ እንጂ!» እያሉ ይነዘንዛሉ እንበል። ልጁ ሲያስገባ ንዝነዛው ይቆማል። የጠላው ነገር ስለቀረለት በማግሥቱ ቶሎ ያስገባል። አሉታዊ ማጠናከሪያ ይህ ነው፤ ድርጊትን ያበረታል። ጥጆቹን ትቶ ኳስ ሲጫወት ተገኝቶ ቢገሠጽና ጨዋታውን ቢቀንስ ግን ያ ቅጣት ነው። ትርጉሙን ከመሸምደድ እንዲህ በኑሮ ማየቱ እጅግ ይሻላል።

የልጆችን ዕድገት የሚያጠናው ዘርፍም የራሱ ጥያቄ አለው፦ ወተት ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ሲገለበጥ ይበዛል? ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እንዳሳየው፣ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች አብዛኞቹ «አዎ፣ በዛ» ይላሉ። ቤትዎ ትንሽ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ይሞክሩት።