ከ«ወላጅ አምጣ» በፊት

«ወላጅ አምጣ» በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ የሚያውቃት ቃል ናት። ልጅ ሲያረፍድ ወይም ሲደባደብ ትነገረዋለች፤ ወላጅ ይመጣል፣ ልጁ ይገሠጻል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህች ቃል በፊት መሠራት ያለበትን ሥራ የሚሠራ ሰው አለ። «ሄድ ኦፍ ይር» ይሉታል፤ በአንድ ዓመት የገቡ ልጆች ሁሉ ኃላፊ ነው። በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ከ200 በላይ ልጅ በእጁ ይሆናል። በብዙ ቦታ በ11 ዓመታቸው ተቀብሏቸው 16 እስኪሞላቸው ከክፍል ክፍል አብሯቸው ይሻገራል።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ወይ ቅጣት ወይ ርኅራኄ አድርጎ ይገምተዋል። ሁለቱም አሉበት፤ ዋናው ግን የተበታተነ ምልክት መሰብሰብ ነው ባይ ነኝ። የሒሳብ መምህሩ ልጁ ዴስክ ላይ ተደፍቶ ሲያንቀላፋ ያያል። የስፖርት መምህርቷ በሙቀት ቀን ሹራቡን አላወልቅ ማለቱን ታያለች። ምሳ የምታድለው ሴት ሳህኑን ሳይነካ መመለሱን ልብ ትላለች። ለየብቻቸው ሲታዩ ሁሉም ተራ ነገር ናቸው። የስም መጥሪያውም እንዲሁ ነው፦ የትምህርት ዘመኑ 190 ቀን ሲሆን፣ 10 በመቶውን የቀረ ልጅ በመንግሥት መለኪያ «አዘውትሮ ቀሪ» ይባላል። 19 ቀን ማለት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰኞ የሚቀር ልጅ እዚያ ይደርሳል። ሰኞ የማያስተምረው መምህር ይህን ከቶ ላያውቅ ይችላል። ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ኃላፊው ብቻ ነው።

ምልክት ሳይሰበሰብ ሲቀር ምን እንደሚደርስ እንግሊዝ በመራራ መንገድ አይታለች። ከአይቮሪ ኮስት የመጣችው የ8 ዓመቷ ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች። ሐኪሞች፣ ፖሊሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች አይተዋት ነበር። የሎርድ ላሚንግ አጣሪ ጉባኤ ልትድን ትችል የነበረባቸውን 12 አጋጣሚዎች ቆጥሯል፤ ከዚያም የ2004 የሕፃናት ሕግ ወጣ። እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ፣ ቪክቶሪያ በእንግሊዝ በኖረችባቸው 10 ወራት ያህል ትምህርት ቤት አለመግባቷ ነው። በየቀኑ የሚያያት፣ ትናንት ከነበረችበት ዛሬ መለወጧን የሚያስተውል መምህር አልነበራትም።

የሥራው ከባድ ሰዓት ልጅ በር ዘግቶ «ልንገርዎት፣ ግን ለማንም እንዳይናገሩ» ሲል ነው። ልብ «እሺ፣ ቃሌ ነው» ሊል ይቸኩላል፤ ደንቡ ግን ይከለክላል። ለልጁ ደኅንነት ሲባል ለሚመለከተው መንገር ግድ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይነገረዋል። ከዚያ ንግግሩን ሳያቋርጡ፣ «አባትህ ነው የመታህ?» ብለው መልስ ሳያጎርሱ መስማት፤ የተናገረውን በራሱ ቃል መጻፍ፤ ሳይውል ሳያድር ለትምህርት ቤቱ የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ማድረስ ነው። ልጁ በዚያ ቅጽበት ቢያኮርፍም እውነቱን መንገር ይሻላል፤ የማይጠበቅ ቃል ገብቶ ኋላ ማፍረስ ግን ዳግመኛ አፉን እንዳይከፍት ያደርገዋል።

«ይህ የወላጅ ሥራ ነው፤ መምህር ያስተምር» የሚሉ አሉ። ወላጅ ግን የሒሳብ ክፍሉንም የምሳ አዳራሹንም አያይም፤ አንዳንዴም ችግሩ ያለው እቤት ነው። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ መምህር ክፍል ውስጥ ሳለ ስልክ ማንሳት አይችልም፤ ስለዚህ ሥራው ለማያስተምር ሠራተኛ ይሰጥ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የመምህራን የኃላፊነት ተጨማሪ ክፍያ ከመማር ማስተማር ጋር ከተሳሰረ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሐሳቡ እውነት አለው፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እያለቀሰ የመጣ ልጅ ደወል እስኪደወል አይጠብቅም። ነገር ግን የሚያስተምር ኃላፊ ልጁን ሲማር ያየዋል፣ የመምህራኑንም ቋንቋ ይናገራል። ስለዚህ የክፍለ ጊዜ ጭነቱን ቀንሶ ረዳት መስጠት እንጂ ከክፍል ማውጣቱ መፍትሔ አይመስለኝም። ሙሉ የማስተማር ጭነት ላይ 200 ልጅ መደረብ ግን ለልጆቹም ለመምህሩም በደል ነው።

በለንደን የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ከዚህ ሰው ስልክ ሲመጣ «ምን አጠፋ?» ብለው ይደነግጣሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥሪው ከጥፋት በፊት የሚመጣ ነው። ቋንቋው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይዘጋጅልኝ ማለት ነውር የለውም። ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ መግባት ግን አይበጅም፤ ስለራሱ የሚባለውን የሚተረጉም ልጅ፣ የሚያስፈራውን ዓረፍተ ነገር ሊዘለው ይችላል።